የፖም ፓይ ሲበላሽ፦ የቱ ጋ እንደተበላሸና እንዴት እንደሚቃና

ቤት ውስጥ የተጋገረ የፍራፍሬ ፓይ አልሳካ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ውሃ ነው። የታችኛው ቅርፊት ሊጥ ሊጥ የሚለው ውሃው መውጫ ስላጣ ነው። ሲቆረጥ ጭማቂው ሳህን ላይ የሚንጣለለው ውሃውን የያዘው ነገር ስለሌለ ነው። ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ሲጠነክር ሊጡ ከሚገባው በላይ ውሃ ጠጥቷል፣ ከሚገባው በላይም ታሽቷል። ከላይኛው ቅርፊት ሥር ዋሻ ሲከፈት ደግሞ ፍሬው ውሃውን ለቆ ሟሽሿል። ስለዚህ ሌላ አሠራር ፍለጋ ከመሄድ በፊት ያንኑ የተበላሸውን ፓይ ቆርጦ ማየት ይበልጥ ያስተምራል።

ለማነጻጸሪያ እንዲሆን መነሻ መጠን እናስቀምጥ። 23 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላለው ፓትራ፣ ከታችም ከላይም ቅርፊት ላለው ፓይ የሚበቃው ይህ ነው፦

ለሊጡ 320 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 225 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር በረዶ የነካው ውሃ።

ለውስጡ ሳይላጥ ሲመዘን 1.4 ኪሎ የሆነ ፖም፣ 130 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 25 ግራም (3 የሾርባ ማንኪያ) ኮርን ስታርች።

ምድጃው መጀመሪያ 220 ዲግሪ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 190 ዲግሪ፤ ጠቅላላ ጊዜው ከ60 እስከ 70 ደቂቃ።

የታችኛው ቅርፊት ጥሬ ሲሆን

ከሁሉም ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። አንድ ቁራጭ አውጥተው ከጎኑ ይመልከቱ። በትክክል የበሰለ የታች ቅርፊት ከሥሩ ደረቅና የተቆላ ገብስ ቀለም ያለው ነው፤ በማንኪያ ጀርባ ሲመቱት ቋ ይላል። ያልበሰለው ከፍሬው ጋር በሚነካካበት በኩል ግራጫ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሊጥ የሚሳብ መስመር አለው። ሥሩ ነጭ ሆኖ መስመሩም ካለ ሙቀት አንሶታል ማለት ነው። ሥሩ ቀልቶ መስመሩ ብቻ ካለ ግን ሙቀቱ ደህና ነበር፤ ፍሬው ነው ውሃ የበዛበት። ሁለቱ መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ይህን ሳይለዩ ወደ ማስተካከል መሄድ ድካም ነው።

ሙቀት ላነሰው፦ ወፍራም የብረት ትሪ በምድጃው የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ምድጃውን 220 ላይ ለ40 ደቂቃ ያግሉ። ፓዩን የያዘውን ፓትራ በቀጥታ በጋለው ትሪ ላይ ያሳርፉ። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የፓዩን ዕድል የሚወስኑ ናቸው፤ የታችኛው ሊጥ ጭማቂው ሳይጎርፍበት ቀድሞ መያዝ አለበት። ትሪ ከሌለ ትንሽ የሸክላ ምጣድ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እንዳይሰነጠቅ ግን ምድጃው ቀዝቃዛ እያለ ገብቶ አብሮ ይሙቅ። የላይና የታች እሳት ለየብቻ የሚከፈትበት ምድጃ ከሆነ በእነዚህ 20 ደቂቃዎች የታችኛው ይበርታ።

የፓትራው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጠቆር ያለ ብረት ሙቀት ቶሎ ይቀበላል፤ የሚያብረቀርቅ ስስ አሉሚኒየም ሙቀቱን ስለሚመልስ ሥሩን ነጭ ያደርገዋል። ብርጭቆ ቀስ ብሎ ቢሞቅም ሥሩን አንስቶ ለማየት ያመቻል። ነገር ግን ከፍሪጅ የወጣን ብርጭቆ በጋለ ትሪ ላይ ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ለብርጭቆ ትሪውን ይተዉትና ፓዩን በታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርገው 10 ደቂቃ ይጨምሩ።

የምድጃው ቁልፍ 220 ስላለ ውስጡ 220 ነው ማለት አይደለም። የቤት ምድጃዎች ከቁልፋቸው 20 እና 30 ዲግሪ ሲወርዱ ማየት የተለመደ ነው። ውስጥ የሚንጠለጠል ትንሽ የምድጃ ቴርሞሜትር መግዛት ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይልቅ ፓይዎን ያሻሽለዋል።

ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ሥሩ ጥሬ መሆኑ ከታወቀና ፓዩ ገና ካልተቆረጠ ማዳን ይቻላል። ላዩን በፎይል ሸፍነው፣ ፓትራው የብረት ከሆነ በጋለ ትሪ ላይ፣ 200 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ይመልሱት። እንደ አዲስ አይሆንም፤ ጥሬነቱ ግን ይለቀዋል።

ጭማቂው ሲፈስ

መጀመሪያ ቀላሉን ምክንያት እናስወግድ፦ ፓዩ ትኩስ ሳለ ተቆርጦ ይሆናል። አጥሚት ከእሳት ሲወርድ ቀጭን መስሎ ሲበርድ እንደሚወፍር ሁሉ፣ በስታርች የታሰረ ጭማቂም የሚረጋው ሲበርድ ነው። የፖም ፓይ ከምድጃ ወጥቶ ቢያንስ 4 ሰዓት መቆየት አለበት። ሽታው እያወደ 4 ሰዓት መጠበቅ ከባድ ቢሆንም አቋራጭ የለውም።

በርዶም ከፈሰሰ ስታርቹ አልበሰለም ወይም አንሷል። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ 94 ገደማ፣ በባሕር ጠለል ላይ 100 ነው። ኮርን ስታርች መወፈር የሚጀምረው ከዚህ በታች ቢሆንም ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ወደ መፍላት ሲጠጋ ነው፤ ስለዚህ በደጋ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ የውጭ አገር መመሪያዎች የፓዩ መሐል 96 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ቁጥር መጠበቅ ፓዩን ማሳረር ነው፤ ስኳር ያለበት ጭማቂ ከተራ ውሃ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢፈላም 96 አይደርስም። ከቁጥሩ ይልቅ ዓይንዎን ይመኑ፦ በላይኛው ቅርፊት ቀዳዳ፣ በዳር ብቻ ሳይሆን በመሐልም፣ ጭማቂው ይፍላ። አፈላሉ እንደ ሻይ ፈጣንና ቀጭን ከሆነ ገና ነው። እንደ ገንፎ ቀስ ብሎ፣ ወፍሮ፣ ቧ እያለ ሲተነፍስ ደርሷል። ከዚያ በኋላ 5 ደቂቃ ይጨምሩለት።

አስተማማኙ ዘዴ ግን ውሃውን ፓዩ ከመገጠሙ በፊት መቀነስ ነው፦

1. ፖሙን ልጠው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ይቁረጡ። ከስኳሩ፣ ከሎሚው፣ ከቀረፋውና ከጨው ጋር ቀላቅለው ለ1 ሰዓት ያቆዩት።
2. ወንፊት ላይ ያጥልሉት። እንደ ፖሙ ዓይነት ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ይወጣል።
3. ጭማቂውን ብቻውን በትንሽ ድስት ወደ 80 ሚሊ ሊትር እስኪወርድ ያፍሉት። ማንኪያ ሲነከርበት ስስ ማር መስሎ ይለብሰዋል። ያቀዝቅዙት።
4. ስታርቹን በደረቁ ፖም ላይ ነስንሰው ነጭ ዱቄት እስከማይታይ ያዋሕዱ፤ ከዚያ የቀዘቀዘውን ጭማቂ ይጨምሩ።

ስታርቹን በሙቅ ጭማቂ ላይ መነስነስ ስሕተት ነው፤ ወዲያው ይጓጉልና ፓዩ ውስጥ ነጭ እብጠት ሆኖ ይገኛል። ሙቅ ፍሬ ሊጥ ላይ መገልበጥም እንዲሁ፤ ቅቤው ምድጃ ሳይገባ ይቀልጣል።

ሌላ ፍሬ ሲሆን የስታርቹ መጠን ይለወጣል። ኮክና ፕሪም ከፖም ይልቅ ውሃ ስላላቸው ለ1 ኪሎ ፍሬ 35 ግራም ያስፈልጋል። እንጆሪ 40 ግራም ይፈልጋል፤ በረዶ የሆነ እንጆሪ ከሆነ ቀልጦ ውሃው ተጠልሎ፣ እንደ ፖሙ ጭማቂ ፈልቶ ይግባ። አናናስ ተከትፎ በሰፊ መጥበሻ ላይ ውሃው እስኪጠፋ ካልተቆላ በቀር በጥሬው ፓይ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ማንጎ ጥሩ ፓይ ይወጣዋል፤ ግን ያልለሰለሰውን፣ ጠንከር ያለውን ይምረጡ፣ የሎሚውንም መጠን ወደ 3 የሾርባ ማንኪያ ያሳድጉ፤ ያለ ሎሚ ጣፋጭነቱ ይሰለቻል።

ፍሬው ወይ ገንፎ ይሆናል፣ ወይ ጥሬ ይቀራል

ይህ በአብዛኛው የሚወሰነው ገበያ ላይ ነው። ቆዳው ጥቁር ቀይ፣ ሲነከስ አሸዋማ የሆነው ጣፋጭ ፖም ሲበስል ይፈርሳል፤ ኮምጠጥ የማለት ባሕርይም የለውም። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ቅርጹን ይይዛል፣ ይኮመጥጣልም። የጨንቻ ፖም ሲያገኙ አንዱን ቀምሰው ይግዙ፤ ሲነከስ ቀጭ የሚልና ጥርስ የሚያስነጥቅ ኮምጣጣነት ያለው ለፓይ ነው። ግማሽ አረንጓዴ፣ ግማሽ ቢጫ ጎልደን መቀላቀል ለብዙ ሰው ጣዕም የሚስማማው ነው።

ያገኙት የሚፈርሰውን ዓይነት ብቻ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። የተቆረጠውን ፖም በሰፊ ድስት፣ ከስኳሩ ጋር፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሙቁት። መፍላት የለበትም፤ 65 ዲግሪ አካባቢ፣ ጣት ሲነካው የሚያቃጥል ግን እንፋሎቱ ገና የማይጎርፍ ይሁን። በዚህ ሙቀት በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ፔክቲኑን፣ ማለትም የፍሬውን ሥጋ አያይዞ የሚይዘውን ነገር፣ ስለሚያጠነክረው በኋላ ምድጃ ውስጥ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ይህ ዘዴ ዋሻውንም አብሮ ይፈታል፤ ፍሬው የሚሟሽሸው ቅርፊቱ ከመድረቁ በፊት ስለሆነ ቅርፊቱ አብሮት ይወርዳል። ፖሙን በወፍራሙ ቆርጦ፣ ቁልል አድርጎ፣ ላዩን መሸፈን ነው ዋሻ የሚያመጣው።

ቅርፊቱ ቀልቶ ፖሙ ገና ቀጭ ካለ ላዩን በፎይል ሸፍነው በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ይጨምሩ። ደጋ ላይ ፍሬ ለመብሰል ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ምክንያቱ ያው የመፍያው ሙቀት ነው። በሚቀጥለው ቀጠን አድርገው ይቁረጡት። ቀጭን ቢላዋ በቀዳዳው በኩል ሲገባ ፖሙ መቃወም የለበትም።

ቅርፊቱ ሲጠነክር፣ ሲኮማተር፣ ሲፈርስ

ሊጡን እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት የለመደ እጅ እዚህ ራሱን መግታት አለበት። ዱቄትና ውሃ በተሻሹ ቁጥር የሚለጠጥ መረብ ይፈጠራል፤ ለዳቦ መልካም ነው፣ ፓይን ግን ቆዳ ያደርገዋል። ቅቤውን በ1.5 ሳንቲ ሜትር ቆራርጠው ዱቄቱ ውስጥ በጣት ጫፍ ይጫኑት፤ ግማሹ እንደ በሶ ሲበተን፣ ግማሹ ሽምብራ የሚያህል ቁራጭ ሆኖ ሲቀር ያቁሙ። እነዚያ ሽምብራዎች ናቸው ቅርፊቱን ንብርብር የሚያደርጉት። ምድጃ ውስጥ ሲቀልጡ በውስጣቸው ያለው ውሃ ተንኖ ሊጡን ይለያየዋል። ጣትዎ ላይ ቅባት ከቀረ ሞቋል፤ ሳህኑን እንዳለ 15 ደቂቃ ፍሪዘር ያስገቡ።

ውሃውን በሾርባ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ። በእፍኝ ሲጨብጡት ተያይዞ የሚቀር፣ እጅ ላይ ግን የማይለጠፍ ከሆነ በቃው። ሲዳመጥ ዳሩ በሰፊው ከተሰነጠቀ ደርቋል፤ እጅዎን ውሃ ነክረው ይርጩበትና አጥፈው እንደገና ይጫኑት። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ ብርድ ብቻ ነው፤ 5 ደቂቃ ይተዉት።

ሊጡ ለሁለት ተከፍሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ 1 ሰዓት ይረፍ። ከተዳመጠ በኋላም ፓትራው ላይ ሆኖ 30 ደቂቃ። የሚኮማተር ቅርፊት ወይ ያላረፈ ነው፣ ወይ ፓትራው እንዲደርስለት የተጎተተ። ሊጥ አይጎተትም፤ ዳሩን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው በሌላው ወደ ማዕዘኑ ያስገቡት፣ ከዳር 2 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። የያዙት የዳቦ የሚባለው ጠንካራ ዱቄት ከሆነ ከ320 ግራሙ 40 ግራሙን በኮርን ስታርች ይተኩ።

ቅቤውን በተመለከተ፦ በፕላስቲክ የሚሸጥ ለስላሳ ማርጋሪን ውሃ ስለሚበዛበት ሊጡን ያላላዋል፤ በወረቀት የተጠቀለለው ጠንካራው ይሻላል። ለጋ የአገር ቅቤ የውሃ መጠኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው አጥበው፣ ጨምቀው፣ አቀዝቅዘው ይጠቀሙ፤ ወደ ሊጡ የሚገባውንም ውሃ በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሰው ይጀምሩ። ንጥር ቅቤ ውሃው ስለወጣ ንብርብር አይሰጥም፤ እንደ ብስኩት የሚፈርስ ቅርፊት ነው የሚወጣው፣ ቅመሙም ከፖም ጋር ይጣላል።

ለጾም የሚረጋውን የአትክልት ዘይት ይጠቀሙ፣ በፍሪጅ አጠንክረው። ቅቤ ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ብቻ ስለሆነ ስቡ፣ 225 ግራም ቅቤን የሚተካው 180 ግራም ዘይት ነው፤ ቅቤው ይዞት ይመጣ የነበረውን ውሃ ለመተካት ደግሞ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨመራል። ላዩን በእንቁላል ፈንታ በስኳር ውሃ ይቀቡት። ቅርፊቱ የቅቤ ሽታ ባይኖረውም አስነባበሩ አያሳፍርም።

ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ የሚጋግር ሰው ዱቄቱንም ጭምር ያቀዝቅዝ፤ ሊጡንም ጠዋት በማለዳ ይዳምጥ።

ዳሩ ቀድሞ የሚያር ከሆነ ከ30 ደቂቃ በኋላ የፎይል ቀለበት ያልብሱት። ቅርፊቱ ደብዘዝ ካለ እንቁላል በ1 የሾርባ ማንኪያ ወተት መትተው ይቀቡ፣ ላዩ ላይ ስኳር ይነስንሱ። ቢያንስ አምስት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 3 ሳንቲ ሜትር፤ ቀዳዳ ያነሰው ፓይ በዳሩ በኩል ይፈነዳና ጭማቂው ምድጃው ውስጥ ያርራል።

መብራት ሲጠፋ

ይህን የውጭ መመሪያ አይነግርዎትም፤ እዚህ ግን የየሳምንቱ ጉዳይ ነው። ፓዩ ከገባ 30 ደቂቃ አልፎት ቅርፊቱ ከያዘና ቢጫ ከጀመረ በሩን አይክፈቱ። ምድጃው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ፍሬው መብሰሉን ይቀጥላል፤ መብራት ሲመለስ በ190 ያስቀጥሉ፣ ጊዜውንም በሰዓት ሳይሆን በአፈላሉ ይወስኑ። የጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከሆነና ሊጡ ነጭ ከሆነ ግን ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ምድጃ ውስጥ ቅቤው ቀልጦ ያልቃል። አውጥተው ትንሽ ያብርዱትና ፍሪጅ ያስገቡት፤ መብራት ባይኖርም ፍሪጁ በሩ ቶሎ ቶሎ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ይይዛል። የብርጭቆ ፓትራ ከሆነ በደንብ እስኪበርድ ከፍሪጅ ያርቁት። መብራት ሲመጣ ምድጃውንና ትሪውን እንደገና ሙሉ በሙሉ አግለው ከ220 ይጀምሩ። ቅቤው አስቀድሞ ከሊጡ ወጥቶ ፓትራው ላይ ከተኛ ንብርብሩ አይመለስም፤ ቢሆንም ይጋግሩት፣ ፍሬው አልተጎዳም።

ተጋግሮ የተረፈው በክፍል ሙቀት ተሸፍኖ እስከ 2 ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲያሞቁት ማይክሮዌቭ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፤ 175 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 15 ደቂቃ፣ ፎይል ሳይሸፈን።